የሐጃ ነፊሳ እግር

«ጫማውን ወደ ውስጥ አስገቡት» አለ የሕንፃው ጠባቂ ሳሊም፣ በሩን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ። «ተቆጣጣሪ መጥቶ ኮሪደሩን እንዲህ ካየው የምባረረው እኔ ነኝ።»

ቆንጂት በሩን ከፍታ አየች። ከደረጃው አፍ እስከ ደፉ ድረስ ጫማ በጫማ ሆኗል። ነጠላ ጫማ፣ ስኒከር፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ሴቶች ያወለቁት ጎማ ጫማ።

«ሰው ሞቶብን ነው» አለችው በአረብኛ።

«ማን?»

«የዘቢደር ወንድም። አገር ቤት።»

ሳሊም እጁን ከበሩ ላይ አወረደ። እሱም ባንግላዴሽ የተዋቸው ወንድሞች አሉት። ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን ራሱ ጥንድ በጥንድ እያነሣ ከበሩ ኋላ ደረደረላቸው። ሲጨርስ ግን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ድምፅ ብቻ እንዳይኖር። ዋላሂ፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ለፖሊስ ይደውላሉ።»

«ድምፅ የለም» አለች ቆንጂት። እውነቷን ነበር።

ከዱባይ አጠገብ ባለች ከተማ፣ ሮላ በሚባል ሰፈር፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስምንት ሴቶች ቢድ ስፔስ፣ ማለትም አልጋ አልጋ ብቻ፣ ተከራይተው በሚያድሩበት ክፍል ዘቢደር ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣለች። በግራና በቀኟ ተደራራቢ አልጋዎች አሉ። ከአልጋዎቹ ላይ የልብስ ሻንጣና ብርድ ልብስ ተነሥቶ ለቀስተኛ ተቀምጦበታል፤ ከላይኛው አልጋ ላይ የተቀመጡት ሴቶች እግራቸው ከታች ከተቀመጡት ራስ በላይ ይወዛወዛል። ዘቢደር ጥቁር ሻሽ አስራለች። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። ትናንት ሐሙስ ንጋት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጣት።

መርዶውን ያረዷት ቆንጂትና ጦይባ ነበሩ። ቆንጂት በዚያ ክፍል የቆየች፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላት ሴት ናት። ጦይባ የወሎ ልጅ ናት፤ ከዘቢደር አልጋ በታች ያለው አልጋ የእሷ ነው። ጦይባ ረቡዕ ምሽት «ቻርጀሬ ተበላሽቷል፣ ስልክሽን አበድሪኝ» ብላ የዘቢደርን ስልክ ወስዳ አጥፍታው ነበር። ዘቢደር በማግሥቱ ዓይኗን ስትገልጥ ቆንጂት ጥቁር ለብሳ አልጋው ግርጌ ቆማለች።

«ማነው?» አለች ዘቢደር።

ቆንጂት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ ናት?»

«እሳቸው ደኅና ናቸው» አለች ቆንጂት።

ከእናቷ ሌላ የነበራት ወንድሟ ፍቅረማርያም ብቻ ነው። ገብቷት ጮኸች። ቆንጂት ትራሱን አንሥታ አፏ ላይ ያዘችባት፤ በክፋት አይደለም፣ አቅፋት አብራት እያለቀሰች ነው። «በዚህ አገር እሪታ የለም እህቴ። በዚህ ውስጥ አልቅሺ። እዚሁ ውስጥ ጩኺ።» ዘቢደር እስከ ቀትር ትራስ ውስጥ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ራሱ መውጫው የጠፋው ይመስል ደረቷ ላይ ቀረ።

ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ዕረፍት ያላቸው ሁሉ መጥተዋል። አንዷ ካርቶን ውኃ፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ በድስት የሠራችውን ምስር ይዛ ትገባለች። ጦይባ ከፔርሙስ ቡና እየቀዳች በወረቀት ኩባያ ታድላለች። የሚገባው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎ ይቀመጣል፤ ትንሽ ቆይቶም ያው ጥያቄ ይመጣል።

«እንዴት ሆኖ ነው?»

«መንገድ ላይ ነው አሉ» ትላለች ቆንጂት። «በጥይት። ከመተማ ወደ ጎንደር ሲመለስ። ማን እንደተኮሰ አልታወቀም።»

«ምን ሊሠራ ሄዶ ነው?»

እዚህ ላይ ቆንጂት ወደ ዘቢደር ታያለች። ዘቢደር ደግሞ ወደ ወለሉ።

ፍቅረማርያም የሃያ ስምንት ዓመት ነርስ ነበር። ዘቢደር በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች፤ እናታቸው ለገበያም ለእርሻም ሲወጡ ያዘለችው እሷ ናት። ልጁ ነርስ መሆን አልፈለገም ነበር። ቀያሽ ሆኖ በየተራራው መዞር ነበር ምኞቱ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ግን ነርስነት ደረሰው፤ አንደኛውን ዓመት በሙሉ በስልክ ሲነጫነጭባት ከረመ። «እታለም፣ እኔ እኮ ደም አልወድም» ይላታል። «ማንስ ይወዳል?» ትለዋለች። ከተመረቀ በኋላ ግን ያ ነጭናጫ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ስልክ የማያነሣ ሰው ወጣው። የድምፅ መልእክት ሲልክላት ሁልጊዜ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ ነው። ቃሉን ከቆሎው ለይታ መስማት ለምዳ ነበር።

ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ሲገቡ አንድ የእርዳታ ድርጅት ካምፕ ውስጥ ክሊኒክ ከፈተ፤ ፍቅረማርያምም እዚያ ተቀጠረ። ክሊኒኩ ድንኳን ነው። ፍሪጁ በሶላር ነው የሚሠራው፤ ደመና የዋለ ቀን አይሠራም። ወባ፣ ተቅማጥ፣ የወሊድ ደም፣ በመንገድ ላይ የተመታ ሰው። አንድ ቀን «ዛሬ መቶ አርባ ሰው አየን፤ ሁለት ነን» አላት። በዚያን ቀን ቆሎ አልነበረም።

ዘቢደር በሳምንት አራት ቀን ጎረቤት ከተማ አጅማን ውስጥ ሰሚያ የምትባል ሱዳናዊት የሒሳብ መምህር ቤት ትሠራለች። ሰሚያ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። ማዳም ብትባልም ምሳዋን ከዘቢደር ጋር በአንድ ትሪ የምትበላ ሴት ናት። አንድ ጠዋት ዘቢደር በሩን ከፍታ ስትገባ ሰሚያን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ልብስ ማጠቢያው ባዶውን ይዞራል።

«እናቴ ድንበር ተሻግራለች አሉኝ» አለች ሰሚያ። «ስኳር በሽተኛ ናት። ስልኳ ከጠፋ ሃያ ሦስት ቀኑ።»

«የት ነው የተሻገሩት?»

«መተማ።»

«ወንድሜ እዚያ ነው» አለች ዘቢደር።

ፍቅረማርያም የሴትዮዋን ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ ከድንኳን ድንኳን ዞረ። ካምፑ ውስጥ ነፊሳ የሚባሉ አራት አሮጊቶች አገኘ። ሦስተኛዋ፣ ሐጃ ነፊሳ፣ ገና ሰላም ሲላቸው ሻያቸው ላይ ስኳር እንዲጨምርላቸው ጠየቁት። «እኚህ ናቸው» ብሎ ላከላት፤ «ስኳር በሽተኛ በዚህ ይታወቃል።» ሰሚያ ይህ ሲተረጎምላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ከዚያ ስታለቅስ ዋለች።

ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ ያ ወጥ ቤት የሐጃ ነፊሳ ቤት ሆነ። ፍቅረማርያም አረብኛ ብዙም አይችልም። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ ዘቢደር ለሰሚያ ትተረጉማለች። ኢንሱሊኑን አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀብሮ አሸዋውን ውኃ እያጠጣ እንደሚያቀዘቅዘው ነገራት። በእግራቸው ጣት ላይ ስለወጣው ቁስል ነገራት። ዘቢደር የሐኪም አረብኛ የላትም፤ ያላት የወጥ ቤትና የእጥበት ነው። «ቁስሉን በቀስታ ያጽዱት» ለማለት «የሕፃን ልብስ እንደሚታጠበው» ትላለች። «መግል» የሚለውን ስታጣ «የተበላሸ ወተት» አለች። ሰሚያም ይገባታል። ከዚያ ሰሚያ ለጎረቤቶቿ «የእኔ ዘቢ ወንድም» እያለች ማውራት ጀመረች። ዘቢደር ለስንት ዓመት ወለል የምትወለውል ሴት ነበረች፤ አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ከአፏ የሚወጣውን ይጠብቃል። ነገሩ ጣፍጧት ነበር። ይህን ለራሷም ቢሆን ያመነችው አሁን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተስፋዬ ከዱባይ መጣ። የአገሯ ልጅ ነው፤ ክሪክ በሚሉት የባሕር ሰርጥ ላይ ወደ በርበራ በሚጫኑ ጀልባዎች ዕቃ እየቆጠረ ያስጭናል። ዘቢደርን አቅፎ አለቀሰ፣ ትንሽ ተቀመጠ፣ ከዚያ ውኃ ሊጠጣ ቆንጂት ወዳለችበት ወጥ ቤት ገባ። ወጥ ቤቱን ከክፍሉ የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው።

«እትዬ ቆንጂት፣ የሰማሁትን ነው የምነግርሽ» ሲል ዘቢደር ሰማችው። «ከጎንደር ሰዎች ጋር አውርቼ ነበር። ነገሩ ደኅና አይደለም።»

«ምኑ?»

«ድርጅቱ ከሁለት ወር በፊት ሠራተኛውን ሁሉ አውጥቷል። ሽፍታ ካምፑን እየዘረፈ ስደተኞቹ ራሳቸው ጥለውት ወጡ፤ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ነው ያሉት። ፍቅረማርያም እዚያ ሥራ አልነበረውም። ፈቃድም አልጠየቀ። ሲገደል መድኃኒት የያዘበት ሣጥን አብሮት ነበር።»

«እና?»

«ለታጣቂዎች ይሸጥ ነበር ይላሉ። በዋጋ ተጣልተው ነው ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው ስም የለውም?»

ተስፋዬ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «መሥሪያ ቤቱም ለሚስቱ 'በሥራ ላይ አልነበረም' የሚል ደብዳቤ ነው የሰጣት። ለቀብር የመጡት ጓደኞቹም ጥቂት ናቸው። ሰው ፈራ።»

«አፍህን ያዝ» አለች ቆንጂት። «እህቱ ከዚህ ጣውላ ወዲያ ናት።»

ዘቢደር ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች።

መድኃኒቱ ለማን እንደሆነ ታውቃለች። ለምን እንደሄደም ታውቃለች።

ስደተኞቹ ካምፑን ጥለው ከወጡ በኋላ ፍቅረማርያም ጎንደር ከሚስቱ ከአዳነችና ከሰባት ወር ሴት ልጁ ጋር ነበር። በደኅና ቦታ ነበር። ሐጃ ነፊሳ ደግሞ ከልጃቸው ሚስት ጋር ዛፍ ሥር ላስቲክ ወጥረው ተቀምጠዋል። ኢንሱሊኑ አለቀ። የእግራቸው ጣት ጠቆረ። ሰሚያና ዘቢደር ቡር ዱባይ ሄደው የስኳር መለኪያ ገዝተው በመንገደኛ ወደ አዲስ አበባ ላኩ፤ ከአዲስ አበባ ወዲያ የሚያሻግረው ሰው አልተገኘም። ሰሚያ ምንም አልጠየቀቻትም። እህል መብላት ብቻ ተወች። ልጆቿ ሲጠሯት አትሰማም።

አንድ ከሰዓት ዘቢደር ሰሚያ ቤት በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ስልኳን አወጣች። የተናገረችውን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች።

«ፍቅሬ፣ ሴትዮዋ እየሞቱ ነው። አንተ ነርስ አይደለህም እንዴ? እዚያ ቁጭ ብለህ ምን ትሠራለህ? እማዬ ብትሆን ትተዋት ነበር? ሂድና እያቸው። ከሁለት ቀን በላይ አይፈጅብህም። ሂድ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። መልእክቱ ሲደርሰው አየች፣ ሲያዳምጠውም አየች። ያን ቀን መልስ አልላከላትም። በማግሥቱ አጭር ድምፅ መጣ። ቆሎም ሳቅም የለበትም። «እሺ እታለም» ብቻ።

ሂድ ማለቷን ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

ቅዳሜ ሠልስት ነበር። ከመርዶው ቆጥረው ነው ሠልስት ያሉት፤ ሬሳው ጎንደር ከተቀበረ ጥቂት ቀን አልፎታል። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሴቶች ዳዊት ደግመው ጨርሰው ዳቦ እየተቆረሰ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጦይባ ከፈተች። ሰሚያ ናት። በሱዳን ወግ ለሐዘን የሚለበሰውን ነጭ ቶብ ከራስ እስከ እግሯ ተጎናጽፋለች።

ሴቶቹ ተንቀሳቀሱ። ማዳም ወደ ቢድ ስፔስ ከመጣች ወይ ሠራተኛ ጠፍቷታል ወይ ዕቃ ጠፍቷታል። አንዷ ከአልጋው ላይ ወረደች። ሰሚያ ግን ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ መሀል ላይ ቆማ ሁለት መዳፏን ዘረጋች፣ ፋቲሓ ቀራች። ጦይባም እጇን ዘርግታ አብራት ቀራች። ከዚያ ሰሚያ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ዘቢደር ትከሻ ላይ ጣለች።

ከላይኛው አልጋ አንዷ «ማዳሟ እንዲህ ታለቅሳለች?» አለች በሹክሹክታ።

ተስፋዬም ያን ቀን ተመልሶ መጥቶ ነበር። በር አጠገብ እንደተቀመጠ በአረብኛ ጠየቃት። «ታውቂው ነበር?»

ሰሚያ ቀና አለች። «እናቴን ያከማት እሱ ነው። ዛፍ ሥር፣ ማንም በሌለበት። ኢንሱሊን ተሸክሞ መጣ። ሁለት ቀን እዚያው አብሯቸው አደረ። የጠቆረውን የእናቴን ጣት ቆርጦ እግሯን አጸዳላት። ሌሎችም ተሰለፉበት፤ የያዘውን ሁሉ ለእነሱ ጨረሰው። ሲመለስ ሣጥኑ ባዶ ነበር።»

ተስፋዬ አረብኛው ላልገባቸው ተረጎመ፤ ድምፁ ግን ከበፊቱ ሌላ ሆኗል።

«ሣጥኑ ባዶ ነበር?» አለች ቆንጂት እያየችው።

«ባዶ ነበር ነው የምትለው።»

«በል እንግዲህ።»

«ለነገሩኝ ሁሉ እደውላለሁ» አለ ተስፋዬ፣ ወለሉን እያየ። «ለእያንዳንዳቸው።»

ሰሚያ እንባዋን በቶቧ ጫፍ ጠረገች። «ማንም አልላከውም» አለች። «እኔ እንኳ አፍሬ አልጠየቅሁም። ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ተነሥቶ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን የት አለ?»

ተስፋዬ ይህንንም ተረጎመ። ክፍሉ ውስጥ እፎይታ የመሰለ ነገር አለፈ። ዘቢደር ሁሉም ፊት ወደ እሷ ሲዞር አየች፤ ፊታቸው ላይ ኩራት አለ። የወንድሟ ስም ጠርቷል። ከእንግዲህ ምንም መናገር አያስፈልጋትም። ዝም ብትል ነገሩ በዚህ ያልቃል። የቀረበላትን ውኃ አንሥታ ጠጣች።

በዚያው መሀል የቆንጂት ስልክ ጮኸ። አዳነች ናት፣ የፍቅረማርያም ሚስት። መርዶው ከተነገረ ጀምሮ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ትደውላለች፤ ከዘቢደር ጋር ግን ገና አልተነጋገሩም። ቆንጂት ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው።

«አዳነችዬ፣ እንዴት ዋልሽ? እግዚአብሔር ያጥናሽ። ደግ ነገር ሰምተን ነው፤ የሐጃዋ ልጅ እዚህ ናት። ያ ሐሜት ሁሉ ውሸት ነው። መድኃኒቱን ለበሽተኞች አድሎ ጨርሶ ነው የተመለሰው። ማንም ሳይልከው፣ በራሱ ደግነት ሄዶ ነው አለችን።»

ከወዲያ በኩል ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ።

«ማንም ሳይልከው?» አለች አዳነች።

ቆንጂት ዘቢደርን አየቻት። ዘቢደር ውኃውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች። ከሐሙስ ወዲህ ከጉሮሮዋ የወጣው የመጀመሪያ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። «አዳነች፣ እኔ ነኝ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እታለም።»

ቆንጂት ስልኩን ወደ ዘቢደር አስጠጋችው።

«ድምፅሽን አብረን ነው የሰማነው» አለች አዳነች። ቁጣ የለባትም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው የምትናገረው። «ምሳ ቀርቦ ነበር። ደግሞ ደጋግሞ ከፈተው። አትሂድ አልኩት። ልጅቱን ጭኑ ላይ አስቀምጬ አትሂድ አልኩት። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ተነሥቶ ልብሱን ለበሰ። 'እታለም እኮ ናት ያለችኝ' አለኝ። ያንቺን ሰማ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ዘቢደር። «ለምን አልሰደብሽኝም?»

«አንቺ እስክትናገሪ ነበር የምጠብቅ። ዛሬም ዝም ብትይ ኖሮ ዕድሜ ልኬን አላናግርሽም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን እንጃ» አለች አዳነች። «እዋሻለሁ እንዴ? አላውቀውም።»

ዘቢደር ስልኩን ከቆንጂት እጅ ተቀበለች። ይቅር በይኝ የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ትንሽ ሆነባት።

«ሴትዮዋ ተርፈዋል?» አለች አዳነች።

«አላውቅም። አልጠየቅሁም።»

«ጠይቂያ። ለዚያ አይደል የሄደ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ተስፋዬ ለሰሚያ አንዳች ነገር ሊተረጉም አፉን ከፈተና ተወው። አማርኛ ባታውቅም ሰሚያ ከሰዉ ፊት ብዙ ነገር አንብባለች። ዘቢደር ራሷ ነገረቻት፣ በወጥ ቤት አረብኛዋ፣ በሁለት ቃል። «አና ጉልት ለሁ። ሩህ፣ አና ጉልት።» እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሂድ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ሰሚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዘቢደር ልታጽናናትም ልትጽናናባትም አልፈለገችም።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?» አለቻት።

ሰሚያ እጇን ከአፏ ላይ አነሣች። «አንዲት ባላገር ቤቷ አስገብታቸዋለች። መርፌው አለ፣ ትቶላት ነው የሄደው። ነገር ግን እግሯ…»

«እግራቸው ምን ሆነ?»

«ፋሻውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ ብሎ ነበር። እሱ ራሱ ካሰረው ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የወንድሜ ሚስት ፈራች። ሽታው ይመጣል ትላለች። እሱ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ነበር። ከዚያ ደግሞ ወሬው ደረሳቸው።»

«ደውዪ» አለች ዘቢደር። «በቪዲዮ ደውዪላት።»

«ዘቢ፣ ዛሬ? በዚህ ቀን?»

«ያላ። ደውዪ።»

ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው ምስሉ መጣ፤ ይቆማል፣ ይሄዳል። የጭቃ ግድግዳ፣ የደረቀ ሣር የተነጠፈበት ወለል፣ ከሣሩ ላይ ሐጃ ነፊሳ። ፎቶ ላይ ከምታውቃቸው ግማሽ ሆነዋል። የልጃቸው ሚስት ስልኩን ወደ እግራቸው ስታዞረው የቆሸሸ ፋሻ ታየ፤ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

ዘቢደር ቀስ ብላ ተናገረች። ውኃ ይፍላ፣ ጨው ይጨመርበት፣ ይቀዝቅዝ። ሙቅ ውኃ እግራቸው ላይ እንዳታፈሺ፣ ቢቃጠሉም አይሰማቸውምና። እጅሽን እስከ ክርንሽ በሳሙና ታጠቢ። ንጹሕ ነጠላ ካላችሁ ቅደዱት። ባላገሯ ከምስሉ ውጪ ወዲያ ወዲህ ስትል ትሰማለች። ውኃው ፈልቶ እስኪቀዝቅዝ ሮላ ያለው ክፍልና የመተማ መንገድ ዳር ያለው ጎጆ አብረው ጠበቁ። ከለቀስተኞቹ አንዷም ልሂድ አላለችም። ቆንጂት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ተንበረከከች።

ፋሻው በውኃ እየራሰ ተፈታ። የልጃቸው ሚስት ፊቷን አዞረች።

«አትዙሪ» አለቻት ዘቢደር። «እዪው። ቀለሙን ንገሪኝ።»

«ቀይ ነው። ዳር ዳሩ ጥቁር።»

«ጥቁሩ ወደ ላይ ወጥቷል?»

«አይ። ጣቱ የነበረበት ላይ ብቻ ነው።»

ሰሚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሺ። እንደ ሕፃን ልብስ፣ በቀስታ። ከመሀል ወደ ዳር። አንድ ጊዜ የጠረግሽበትን ጨርቅ መልሰሽ አትንኪበት።» የማን ቃል እንደሆነ ታውቃለች። በአማርኛ ይመጣላታል፣ በአረብኛ ታወጣዋለች።

ጸዳ። ጨርቁ ተቀደደ። የልጃቸው ሚስት ጨርቁን ይዛ ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም። ዘቢደር በቃል ልታስረዳት ሞከረች፤ አረብኛዋ አልበቃትም። ሰሚያም አልገባትም።

ያን ጊዜ ዘቢደር ፍራሹ ላይ ወደ ኋላ ተስባ ቀኝ እግሯን ዘረጋች። ሴቶቹ ተሰባስበው ቦታ ለቀቁላት። ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፤ ሦስት ቀን ያልተበጠረ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሻሹን በርዝመቱ አጠፈችውና ከጣቶቿ ሥር ጀምራ፣ እያሳየች፣ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ትጠመጥመው ጀመር።

«እዪኝ። እንዲህ። ጣቶቹ ይታዩ። ቀለማቸው እንዳይለወጥ ስታዪአቸው ትውያለሽ። አታጥብቂው።»

«ምን ያህል ላላላው?» አለች የልጃቸው ሚስት ከስልኩ ውስጥ።

ዘቢደር አመልካች ጣቷን በጨርቁና በእግሯ መካከል አስገባች፤ ለስልኩ ቀረብ አድርጋ አሳየቻት።

«አንድ ጣት የሚገባበት» አለች። «ይህን ያህል ክፍተት ተዪለት።»

ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዘቢደር ጣቷን አላወጣችም።